«ተቀበል»፦ ድንገቴ ፈጠራ ለኅብረት ሥራና ለማሰላሰል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በቆመበት ቤት ውስጥ ከታዳሚው መካከል አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል!» ይላል። ከዚያም ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ስንኙን አስቀድሞ አያውቀውም፤ የሚመጣው ሙገሳ ይሁን ነቀፌታ፣ ስለ ፍቅር ይሁን ስለ ሞት ማንም አልነገረውም። ሆኖም «ቆይ ላስብበት» አይልም። ቃሉን ከሰጪው አፍ ተቀብሎ፣ ከዜማው ጋር አስማምቶና አድምቆ ለቤቱ ሁሉ ይመልሰዋል። ታዳሚውም ይህን ሲሰማ ሌላ ስንኝ ለመስጠት ይነሣሣል። ሰጪው ሳይሰጥ አዝማሪው ሊቀበል፣ አዝማሪውም ሳይሰማ ሊመልስ አይችልም።

በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተፈጽመዋል። አንደኛ፣ አዝማሪው በሙሉ ልቡ ሰምቷል። ሁለተኛ፣ የተሰጠውን ሳያማርጥ ተቀብሏል። ሦስተኛ፣ በተቀበለው ላይ የራሱን ጨምሮ መልሷል። ትእዛዙም «ዝፈን» ወይም «ተናገር» ሳይሆን «ተቀበል» መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። የዚህ ንግግር ዓላማ፣ በአዝማሪ ቤት የታወቀው ይህ ሥርዓት በሥራ ቡድን ውስጥ በልምምድ እንዴት ሊዳብር እንደሚችል፣ ልምምዱም ውይይትና ማሰላሰል ካልተከተለው ለምን ከጨዋታ እንደማያልፍ ማስረዳት ነው።

ድንገቴ ፈጠራ ምንድን ነው?

በባዕድ ቋንቋ ኢምፕሮቪዜሽን የሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ «ድንገቴ ፈጠራ» ተብሎ የሚጠራው ነገር፣ አስቀድሞ የተጻፈ ቃል ሳይኖር በአንድ በተሰጠ ሁኔታ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያው ቅጽበት ከሌሎች ጋር እየፈጠሩ መሥራት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ከዝግጅት ማጣት ጋር ያምታቱታል። ያልተዘጋጀ ተናጋሪ አፉ እንዳመጣለት ሲቀባጥር፣ ትምህርቱን ያላጠና መምህር በተማሪዎቹ ፊት ሲደናበር፣ ነገሩ የፈጠራ ስም ይሰጠዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው።

ስሕተቱን ለማረም የቅኔ ቤትን ሥርዓት ማስታወስ ይበቃል። የቅኔ ተማሪ የግእዝን ሰዋስው ሳያውቅ ቅኔ አይቆጥርም። በመጀመሪያ ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃም ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይዘልቃል። ብቻውን ገለል ብሎ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ያርምለታል። ከብዙ ጊዜ ትጋት በኋላ ባለቅኔው በማኅሌት ቆሞ፣ ለበዓሉና ለሰዓቱ የሚስማማ አዲስ ቅኔ ሲዘርፍ፣ ሰሚው «ከየት አመጣው?» ብሎ ይደነቃል። ዝግጅቱ ያለው ግን በቃሉ ላይ ሳይሆን በሰውየው ላይ ነው። ቃሉ የዛሬ ነው፤ ቃሉን የሚያፈልቀው ሰው ግን ለዓመታት ተዘጋጅቷል። ድንገቴ ፈጠራ ማለትም ይኸው ነው፤ የሚነገረውን ሳይሆን የሚናገረውን ሰው ማዘጋጀት።

ዝምታ ሲነቅዝ

ባለቅኔውም ሆነ አዝማሪው የሚፈጥረው በአመዛኙ ብቻውን ነው። የቡድን ሥራ ከዚህ የበለጠ ይከብዳል። ብዙ አዋቂዎች ባንድነት ሲሠሩ አንዱ ያየውን ሌላው ላይሰማው፣ አንዱ የሰጋበትን ሌላው ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። በዚህም ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት በበረራ ታሪክ ውስጥ በሰፊው የታወቀ አንድ አደጋ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ 189 ሰዎችን የያዘ የዩናይትድ አየር መንገድ አውሮፕላን በአሜሪካ ኦሬጎን ግዛት ወደምትገኘው ወደ ፖርትላንድ ከተማ ደርሶ ለማረፍ ሲሰናዳ፣ የማረፊያው ጎማ በሚወርድበት ጊዜ ያልተለመደ ድምፅ ተሰማ። ጎማው በትክክል መቆለፉን የሚያመለክተው መብራትም ሳይበራ ቀረ። አዛዡ አብራሪ ችግሩን ለመመርመርና መንገደኞቹን ለድንገተኛ ማረፍ ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ያህል በአየር ላይ እየዞረ ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ነዳጁ እየቀነሰ ሄደ። ረዳቶቹ ይህን ያዩ ነበር፤ ጠቅሰውታልም። ነገር ግን የጠቀሱት በአክብሮትና በለሆሳስ እንጂ አዛዡን ከሐሳቡ በሚያነቃ ግልጽ ቃል አልነበረም። በመጨረሻ ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ከአየር ማረፊያው ሳይደርስ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አደጋውን ከመረመረ በኋላ፣ አዛዡ የነዳጁን መጠን በሚገባ አለመከታተሉንና ረዳቶቹ ለሰጡት ማሳሰቢያ ተገቢውን ምላሽ አለመስጠቱን ዋና ምክንያት አድርጎ አስቀመጠ። ረዳቶቹም የነገሩን አስጊነት በሚገባ አለመረዳታቸው ወይም ስጋታቸውን ለአዛዡ በሚገባ አለማስተላለፋቸው ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረገ አመለከተ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል ሙያውን የማያውቅ አልነበረም። የጎደለው እውቀት ሳይሆን፣ እውቀት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ ነበር። በአማርኛ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በእርግጥም ለብዙ ነገር ዝምታ ብልኅነት ነው፤ ታላቅ ሲናገር ማዳመጥም የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ቡድን ውስጥ ያየውን ሳይናገር የቀረ ሰው ዝምታ ይነቅዛል፤ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ይህም የአንድ አገር ወይም የአንድ ሙያ በሽታ አይደለም። በማዋለጃ ክፍል፣ በመምህራን ስብሰባ፣ በግንባታ ቦታ፣ በሒሳብ ክፍል፣ የበታቹ ያየውን የበላዩ ሳይሰማ የሚቀርበት አጋጣሚ በየቀኑ ይደርሳል።

ከፖርትላንዱ አደጋና ከሌሎች ተመሳሳይ አደጋዎች በኋላ፣ የአሜሪካ የሕዋ ምርምር ድርጅት ናሳ በ1979 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዶችን ባለሙያዎች ሰብስቦ ስለ ጉዳዩ አወያየ። ዩናይትድ አየር መንገድም በ1981 ለአብራሪዎቹ የቡድን አሠራር ሥልጠና ጀመረ። ከዚህ ሥልጠና ጋር የተያያዘው አንደኛው ዘዴ በተለይ ለዚህ ርእስ የቀረበ ነው። የአንድ አውሮፕላን አብራሪዎች በሙሉ በበረራ ማስመሰያ ክፍል ገብተው አንድ ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይበራሉ። በመካከሉ ያልጠበቁት ችግር ይገጥማቸዋል። አሠልጣኙ አያቋርጣቸውም፤ «እንዲህ አድርጉ» ብሎም አያርማቸውም። ጉዞው ሲያበቃ በቪዲዮ የተቀረጸውን እያዩ፣ ማን ምን እንዳየ፣ ማን ለማን እንደ ተናገረ፣ ማንስ እንዳልተሰማ ራሳቸው ይወያዩበታል። ሚና ተሰጥቷቸዋል፤ ቃል ግን አልተጻፈላቸውም። ይህ በስሙ የበረራ ሥልጠና ቢባልም፣ በባሕርዩ ድንገቴ ፈጠራ ነው።

ከልጆች ጨዋታ የተነሣ ዘዴ

የቴአትር ሰዎች ከአብራሪዎቹ ብዙ ዓመታት ቀድመው፣ በሌላ መንገድ ተጉዘው፣ ከዚሁ ስፍራ ደርሰው ነበር። መነሻውም የቺካጎ ከተማ ነው። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ሀል ሐውስ የሚባል የማኅበራዊ አገልግሎት ማእከል አቋቁመው ነበር። በአካባቢው የሚኖሩት ከልዩ ልዩ የአውሮፓ አገሮች የመጡ ድኻ ስደተኞች ሲሆኑ፣ በቋንቋም በልማድም አይተዋወቁም ነበር። በዚህ ማእከል ኔቫ ቦይድ የተባለች መምህርት ጨዋታን የማኅበራዊ ትምህርት መሣሪያ አድርጋ ታስተምር ነበር። የቦይድ እምነት፣ ሕፃን በጨዋታ ውስጥ ሕግ ማክበርን፣ ተራ መጠበቅንና ለጋራ ዓላማ መተባበርን ያለ ስብከት ይማራል የሚል ነበር።

በ1920ዎቹ ከቦይድ እግር ሥር ከተማሩት አንዷ፣ በ1906 በቺካጎ የተወለደችው ቫዮላ ስፖሊን ናት። ስፖሊን ከ1939 ጀምሮ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ሥር በቺካጎ የቴአትር ተቆጣጣሪ ሆና ስትሠራ፣ ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ልጆችንና ጎልማሶችን በንግግርና በማብራሪያ ብቻ ቴአትር ማስተማር እንደማይቻል ተገነዘበች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ጨዋታ መፍጠር ጀመረች። ከብዙ ዓመታት ሙከራ በኋላም እነዚህን ልምምዶች ሰብስባ በ1963 በመጽሐፍ አሳተመች። ልጇ ፖል ሲልስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1959 በቺካጎ የመሠረተው ሴከንድ ሲቲ የተባለው ቴአትር ቤትም የእናቱን ዘዴ ለዓለም አስተዋወቀ።

የስፖሊን ዘዴ በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው የትኩረት ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ልምምድ ሁሉም ዓይኑን የሚያሳርፍበት አንድ ግልጽ ጉዳይ አለው። ለምሳሌ በሌለ ገመድ ጉተታ ሲጫወቱ፣ የሁለቱ ወገኖች ሥራ ጉልበታቸውን ማሳየት ሳይሆን፣ የሌለው ገመድ በመካከላቸው እንዳለ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አእምሮ በገመዱ ሲያዝ፣ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ፍርሃት ቦታ ያጣል። ሁለተኛው፣ አሠልጣኙ ልምምዱን ሳያቋርጥ ከዳር ሆኖ የሚሰጠው አጭር ማሳሰቢያ ነው። ሦስተኛው ከልምምዱ በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። ስፖሊን ሰው የመማርን ነጻነት የሚያጣው ምስጋናን ሲናፍቅና ነቀፌታን ሲፈራ ነው ብላ ታምን ስለ ነበር፣ በውይይቱ «ጥሩ ነበር» ወይም «መጥፎ ነበር» እንዲባል አትፈልግም ነበር። የሚጠየቀው «ገመዱ ታየ ወይስ አልታየም?» የሚል ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ሥራ የጀመረው ኪት ጆንስተን፣ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ጠቃሚ ነገር አስተማረ። ይኸውም በመድረክ ላይ አንዱ ተዋናይ የሚያቀርበው ሐሳብ ሁሉ ስጦታ መሆኑን፣ ጓደኛው ስጦታውን ወይ ሊቀበለው ወይ ሊያግደው እንደሚችል ነው። አንዱ «ዝናቡ በረታ» ሲል ሌላው «ዝናብ የለም» ካለ ታሪኩ ከዚያው ይሞታል። «እኔም ጣራው ማፍሰስ መጀመሩን አየሁ» ካለ ግን ታሪኩ ይራመዳል። የአዝማሪ ቤቱ «ተቀበል» በለንደን መድረክ ላይም እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

አራት ልምምዶች

ከብዙዎቹ ልምምዶች መካከል ለማንኛውም የሥራ ቡድን የሚስማሙትን አራቱን ማብራራት ይጠቅማል። ሰፊ ክፍልና ጥቂት ወንበሮች ከተገኙ ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም።

የመጀመሪያው መስተዋት ይባላል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ እጁን፣ ራሱን፣ ትከሻውን ያንቀሳቅሳል፤ ሁለተኛው እንደ መስተዋት በዚያው ቅጽበት ይከተለዋል። ቆይቶ አሠልጣኙ «ለውጡ» ሲል መሪው ተከታይ፣ ተከታዩም መሪ ይሆናል። በመጨረሻም መሪ ሳይኖር አንዱ ሌላውን እየተከተለ እንዲንቀሳቀስ ይታዘዛሉ። በዚህ ልምምድ መሪው ከተቻኮለ ተከታዩ ይሰናከላል። ያን ጊዜ መሪው፣ የተከታዩ ጉድለት መስሎ የታየው ነገር የራሱ ጥድፊያ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ብዙ አለቃ ይህን በቃል ቢነግሩት አይቀበልም፤ ከመስተዋቱ ፊት ሲቆም ግን ያለ ምስክር ይረዳዋል።

ሁለተኛው የአንድ ነገር ክፍል መሆን ነው። አንድ ሰው ወደ መካከል ገብቶ አንድ እንቅስቃሴና አንድ ድምፅ ይጀምራል። ሌላው ምን እንደ ጎደለ ተመልክቶ በራሱ እንቅስቃሴ ይጨመራል። እንዲህ እያለ ቡድኑ በሙሉ አንድ መኪና፣ አንድ ወፍጮ ወይም አንድ ሸማ የሚሠራበት ዕቃ ይሆናል። ከዚያም አንዱ ሰው እንዲያቆም ይደረጋል። እንቅስቃሴው የት የት እንደ ተቋረጠ፣ ማን ቶሎ እንዳስተዋለ፣ ማን ሳያውቅ መሥራቱን እንደ ቀጠለ ይታያል።

ሦስተኛው ባለ አንድ ቃል ተረት ነው። ቡድኑ ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ተራ በተራ አንድ አንድ ቃል ብቻ እየጨመረ ተረት ይናገራል። በአማርኛ ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ልምምዱ በተለይ ጥልቅ ይሆናል፤ የጀመረው ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚደርስ ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም። አንዱ «ጅብ» ይላል፤ ሁለተኛው «ለአህያይቱ» ይላል። አራተኛው ተናጋሪ «አሳያት» ለማለት አዘጋጅቶ፣ ከእርሱ የሚቀድመው ሰው «ጥርሱን» እንዲል ይጠብቃል። ሦስተኛው ግን «ደብዳቤ» ይላል። አራተኛው በልቡ ያዘጋጀውን ጥሎ «ጻፈላት» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ሰው በስብሰባ ላይ ሌላው ሲናገር ምን ያህል ጊዜ የማይሰማና የራሱን ተራ ብቻ የሚያሰላ መሆኑን ይህ ቀላል ጨዋታ ያጋልጣል።

አራተኛው ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል በ1970ዎቹ በደቡብ አሜሪካ ካዳበረው ዘዴ የተወሰደ ነው። ቦአል በ1973 በፔሩ በተካሄደ የማንበብና መጻፍ ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ሲሠራ፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ የታሪኩን አካሄድ እንዲለውጥ ያደርግ ነበር። በልምምዱ አንድ የሥራ ቦታ ችግር እስከ መጥፎ ፍጻሜው በትዕይንት ይቀርባል፤ ከዚያም እንደገና ይጀመራል። በዚህ ጊዜ ከተመልካቾቹ ማንም «ቁም» ብሎ የተቸገረውን ሰው ሚና በመውሰድ ሌላ መንገድ መሞከር ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ትዕይንቱ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው እንበል። ጀማሪዋ ነርስ ሐኪሙ ለሕፃን ያዘዘው መድኃኒት መጠኑ የበዛ ይመስላታል። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማዘዣውን አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ» ትላለች። ሐኪሙም ቀና ሳይል «አይቼዋለሁ፤ ሂጂና ስጪው» ይላታል። እርሷም ዝም ብላ ትሄዳለች። ትዕይንቱ ሲደገም አንዱ ተመልካች ሚናውን ወስዶ ሌላ ቃል ይሞክራል፤ «ዶክተር፣ ለዚህ ሕፃን ክብደት መጠኑ በዝቷል ብዬ ሰግቻለሁ። እንደገና እስኪሰላ ድረስ መስጠት አልችልም።» አክብሮቱ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ስጋቱ በአክብሮቱ አልተሸፈነም። ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሌላ ይሞክራል። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የሚገኘው ግን በሕይወቱ ሐኪም የሆነው ሰው የነርሷን ሚና ወስዶ ሲቆም ነው። የራሱን ድምፅ የሚመስል ድምፅ ከላይ ሲወርድበት፣ አንዲት ቃል ከጉሮሮ ለማውጣት ምን ያህል ድፍረት እንደምትጠይቅ በገዛ ሰውነቱ ይረዳል።

ከልምምዱ በኋላ

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሥራው ግማሽ ነው። ልምምዱ ሳቅና መቀራረብን ያመጣል፤ ሳቁ ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት አይቆይም። ትምህርት የሚሆነው ሰዎች ቆም ብለው ያደረጉትን ሲመረምሩ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዶናልድ ሾን በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ሙያተኞች አስተሳሰብ ባሳተመው መጽሐፉ፣ በሥራ ላይ እንዳሉ ማሰላሰልንና ከሥራ በኋላ መለስ ብሎ ማሰላሰልን ይለያል። ለመጀመሪያው ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ የጃዝ ሙዚቀኞች ጨዋታ ነው። ሙዚቀኞቹ አንዱ የሌላውን እየሰሙ፣ ሙዚቃው ወዴት እየሄደ እንደሆነ እየተሰማቸው፣ የራሳቸውን አጨዋወት በዚያው ቅጽበት ያስተካክላሉ። ድንገቴ ፈጠራ የመጀመሪያውን ዓይነት ማሰላሰል ያሠለጥናል፤ ውይይቱ ደግሞ ሁለተኛውን።

እዚህ ላይ አንድ የቃል መሰናክል አለ። በኢትዮጵያ ከሥራ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ወይ «ሂስና ግለ ሂስ» ወይ «ግምገማ» የተባሉትን ስብሰባዎች ነው። በነዚህ ስብሰባዎች ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጥፋተኛ እንጂ ትምህርት ስላልነበረ፣ ሠራተኛው ራሱን መከላከልን ወይም ዝምታን ተምሮ ወጥቷል። በዚያ መንፈስ የሚደረግ ውይይት ልምምዱ የከፈተውን በር መልሶ ይዘጋዋል። ስለዚህ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዚህም አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ምን ታየ፣ ምንስ ተሰማ? ሁለተኛ፣ ነገሩ የተለወጠው በየትኛው ቅጽበት ነው? ሦስተኛ፣ በዕለት ተዕለት ሥራ ውስጥ ይህን የሚመስለው የት ነው? አራተኛ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በተለየ መንገድ ሊደረግ የሚችል አንድ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ከመጀመሪያው ጥያቄ ዘልሎ ወደ አራተኛው የሚሮጥ ቡድን ያላየውን ነገር ለማረም ይነሣል። በውይይቱ መጀመሪያ የሚናገረው ጀማሪው፣ መጨረሻ የሚናገረው አለቃው ቢሆን ይመረጣል፤ አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ብዙ ጊዜ የአለቃው ማሚቶ ነውና። ለልምምዱ ሃያ ደቂቃ ከተሰጠ ለውይይቱ ከዚያ ያላነሰ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።

የአርባ አራት ደቂቃ ፈተና

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ከፖርትላንዱ አደጋ ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው ነገር መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989፣ 296 ሰዎችን ይዞ ከዴንቨር ወደ ቺካጎ የሚበር የዚያው አየር መንገድ ዲሲ 10 አውሮፕላን፣ የጭራው ሞተር ተሰባብሮ፣ ስብርባሪው ሦስቱንም የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች ከጥቅም ውጪ አደረጋቸው። መሪው አልታዘዝ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ የተጻፈ መመሪያ አልነበረም፤ ሦስቱም ሥርዓቶች ባንድ ጊዜ ይጠፋሉ ተብሎ አልታሰበም ነበርና።

በዚያው አውሮፕላን ዴኒስ ፊች የተባለ የዲሲ 10 አብራሪዎች አሠልጣኝ እንደ መንገደኛ ተቀምጦ ነበር። ችግሩን ሲረዳ ለመርዳት ዝግጁ መሆኑን በአስተናጋጇ በኩል ላከ። አዛዡ አልፍሬድ ሄይንስ ጊዜ ሳይፈጅ ተቀበለው። ፊች በአብራሪዎቹ መካከል ሆኖ፣ የቀሩትን የሁለቱን የክንፍ ሞተሮች ኃይል እያስበለጠና እያሳነሰ አውሮፕላኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር ቻለ። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ያዩትን እየተናገሩ፣ አንዱ ያቀረበውን ሐሳብ ሌላው እየተቀበለና እየጨመረበት፣ ሞተሩ ከተሰበረ ከ44 ደቂቃ ያህል በኋላ በአዮዋ ግዛት በሱ ሲቲ አየር ማረፊያ አወረዱት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ተሰባብሮ በእሳት ተያያዘ፤ 112 ሰዎች ሞቱ። 184 ሰዎች ግን ተረፉ። ሄይንስ ከዚያ በኋላ ባደረጋቸው ብዙ ንግግሮች፣ ማንም አብራሪ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ነገር እንዲያደርጉ ካስቻሏቸው ምክንያቶች አንዱ የቡድን አሠራር ሥልጠናው መሆኑን መስክሯል።

በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የአብራሪዎቹ ችሎታ አይደለም። በመጀመሪያው ማሳሰቢያ ተሰጥቶ ሳይደመጥ ቀረ። በሁለተኛው ከመንገደኛ ወንበር የመጣ ቃል እንኳ ተደመጠ።

ጥንቃቄዎች

ይህ ዘዴ ግን ለሁሉ በሽታ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። ሙያን አይተካም፤ መስተዋት የተጫወተ ሁሉ አውሮፕላን አያበርርም። የደመወዝን፣ የመሣሪያ እጥረትን ወይም የአስተዳደር በደልን ጥያቄ በጨዋታ ለመሸፈን መሞከርም ማታለል ነው። በተጨማሪም ማንም ሰው በግድ ወደ መካከል ሊገፋ አይገባም። ተመልክቶ መወያየትም ተሳትፎ ነው፤ ዛሬ የተመለከተ ነገ ይነሣል። በትዕይንት ውስጥ የተነገረ ቃል በሥራ ቦታ መዘባበቻ ወይም መክሰሻ እንዳይሆን አስቀድሞ ስምምነት መደረግ አለበት። ከሁሉ በላይ አለቃው ከዳር ቆሞ የሚመለከት ዳኛ መሆን የለበትም። ወይ ገብቶ እንደ ሌሎቹ ይሳሳት፣ ወይ ክፍሉን ለቆ ይውጣ።

ልምምዱ በዓመት አንድ ቀን ለበዓል ማድመቂያ ሆኖ ቢቀርብም ፍሬ አይሰጥም። የቅኔ ተማሪ በአንድ ቀን ባለቅኔ እንደማይሆን ሁሉ፣ የሥራ ቡድንም በአንድ ከሰዓት በኋላ መስማትን አይለምድም። ትንሽ፣ ግን የማይቋረጥ መሆን አለበት። በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት የሚገናኝ፣ ልምምዱን ሠርቶ የሚወያይ፣ ከውይይቱም አንዲት ነገር ይዞ ወደ ሥራው የሚመለስ ቡድን ከጥቂት ወራት በኋላ ለውጡን የሚያየው በልምምዱ ክፍል ሳይሆን በሥራው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጀማሪው «ሰግቻለሁ» ሲል ነባሩ ብዕሩን አስቀምጦ ቀና ይላል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በማንኛውም የሥራ ቡድን ውስጥ በየቀኑ ስንኝ የሚወረውር ሰው አለ። አንዳንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተቀበል» ይላል፤ ብዙው ግን በለሆሳስ ነው የሚናገረው፤ አንዳንዱም ዓይኑን ብቻ አንሥቶ ይመለከታል። አዝማሪው ቤቱን የሚያስደስተው ስንኙን በመልካም ድምፁ ስለሚዘፍን ብቻ አይደለም፤ የተሰጠውን ቃል መሬት ሳይወድቅ ስለሚቀበል ነው። ድንገቴ ፈጠራን የመለማመድ ዓላማም ሠራተኛን ተዋናይ ማድረግ ሳይሆን፣ የባልደረባው ቃል መሬት ሳይወድቅ የሚቀበል ጆሮ እንዲኖረው ማድረግ ነው።